የጓሮ በረከትና የጎረቤት ዕዳ

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ በጻፍን ቍጥር ከእናንተ መካከል ዐማርኛን በትምህርት የምታጠኑ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳላችሁ እናስታውሳለን። እኛም ራሳችን የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ስለ ሆነ፥ ዐማርኛን የተማርነው እንደ እናንተ ደብተር ይዘን፥ ተሳስተን እየታረምን ነው። ስለዚህ ዛሬ በከተማ ዳር ቤት ይዘው ዶሮ ለማርባትና አትክልት ለመትከል ለሚጀምሩ ሁሉ የሚያስፈልገውን ምክር ከነቃሉ እናቀርባለን።

ዶሮ በትግርኛ ደርሆ፥ ጎመንም ሓምሊ ይባላል፤ እነዚህ ቃላት አላስቸገሩንም። ያስቸገረን ‹ጣለች› የሚለው ቃል ነበር። በቋንቋችን ዶሮ እንቁላል ትወልዳለች፤ በዐማርኛ ግን ትጥላለች። ወደ አዲስ አበባ በመጣንበት ዓመት የቤት አከራያችን አንድ ቀን ጠዋት ‹ዶሮዋ ዛሬ እንቁላል ጣለች› ቢሉን፥ የተሰበረውን እንቁላል ለመጥረግ መጥረጊያ ይዘን ወጣን። እሳቸውም ስቀው ‹ልጄ፥ መጣሉንስ ጥላለች፤ ግን አልሰበረችም› አሉን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን አልረሳነውም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው ‹የሌማት ትሩፋት› የተባለው መርሐ ግብር እንቁላል፥ ወተት፥ ማርና ሥጋ በየቤቱ እንዲበዛ የሚያበረታታ ነው። ሌማት እንጀራ የሚቀመጥበት የስፌት ዕቃ ነው፤ ትሩፋትም ተርፎ የሚገኝ በረከት ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን በረከቱ ወደ ሌማቱ የሚገባው በዕውቀትና በትጋት እንጂ በምኞት እንዳልሆነ በቤታችን ከደረሰው ነገር ተምረናል። የደረሰብንንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

ቤታችን በኮተቤ በኩል ነው። ከቤቱ ጀርባ ስምንት ሜትር በአምስት ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት አለ። ባለቤታችንና እኛ ዐሥር ዶሮዎችን ለማርባትና አራት የአትክልት መደብ ለማውጣት ተስማማን። ወዳጆቻችን ‹ለምን ሃምሳ አታደርጉትም?› ብለውን ነበር። እኛ ግን እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ምሳሌ አስበን በዐሥር ጀመርን። ለጀማሪም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ዐሥር ዶሮዎችን በደኅና ያልያዘ ሰው ሃምሳ ቢጨምር፥ የሚጨምረው ኪሳራውን ብቻ ነው።

ስለ ዶሮ ዕድሜ የሚነገሩትን ቃላት መለየት ይገባል። ከእንቁላል የተፈለፈለችው ትንሽ ዶሮ ጫጩት ትባላለች። አድጋ ገና እንቁላል መጣል ያልጀመረችው ወጣት ቄብ ትባላለች። ወንዱ አውራ ዶሮ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል የማይገኝ ይመስላቸዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። አውራ ዶሮ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ታቅፎ በ21 ቀን ጫጩት እንዲሆን ለሚፈልግ ሰው ነው። ለምግብ የሚሆነውን እንቁላል ሴቶቹ ብቻቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ በተከራየ ቤት የሚኖር ሰው አውራ ዶሮን ቢተው፥ መኖውንም የጎረቤቱንም የሌሊት እንቅልፍ ያተርፋል።

ያገራችን ዶሮ በሽታንና ችግርን ትችላለች፤ ነገር ግን በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል የሚሆን ነው። የተሻሻለችው ዝርያ በጓሮ አያያዝ ከዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ልትጥል ትችላለች፤ መኖዋና ጤናዋ ግን ይበልጥ ጥንቃቄን ይሻል። በገበያ የተለመደው የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ ለጀማሪ ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሙቀት ጭንቀት አሳዳጊዎቹ ጨርሰውለታልና። እንዲህ ያለችው ዶሮ መጣል የምትጀምረው ዐምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። በኅዳር የተፈለፈለችውን ጫጩት በጥር የገዛ ሰው፥ የዐቢይ ጾም ሲፈታ እንቁላል ለመሰብሰብ ይቃረባል። በጾሙ ወራት የእንቁላል ገበያ እንደሚቀዘቅዝ፥ በበዓል ዋዜማም እንደሚወደድ ሁላችንም እናውቃለን።

የዶሮ ቤት ሲሠራ ለአራት ወይም ለዐምስት ዶሮዎች ከአንድ ካሬ ሜትር ያላነሰ ስፍራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዐሥር ዶሮ ከሁለት ካሬ ሜትር በታች ማጎር አይገባም። በላይኛው የግድግዳው ክፍል የሽቦ ወንፊት ተደርጎ አየር ይግባ፤ በታችኛው በኩል ግን ነፋስ እንዳይመታቸው ይደፈን። ሽለምጥማጥ በሌሊት፥ ጭልፊትም በቀን ይመጣልና በሩ ሲመሽ ይዘጋ። ዶሮዎቹ የሚያድሩበት አግዳሚ እንጨት ቆጥ ይባላል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ደረቅ ነገር ጕዝጓዝ ነው። እኛ የምናነጥፈው ከእንጨት ቤት የሚገኘውን ሰጋቱራ ነው። ጎረቤት የሚያማርርበት ሽታ ከዶሮዋ አይመጣም፤ ከረጠበ ጕዝጓዝ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የረጠበው በየጊዜው ይነሣና በደረቅ ይተካ።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። እንግዲህ ዐሥሩ በቀን 1 ኪሎ ከ200 ግራም፥ በወር 36 ኪሎ ይበላሉ። የሚጠጡት ውኃ ከሚበሉት ምግብ በክብደት እጥፍ ያህል ነው። አንባቢያችን የዚህን መኖ ዋጋ በአንድ ወገን፥ የተለቀመውን እንቁላል ዋጋ በሌላው ወገን በደብተር ይጻፍ። ሂሳቡን ያልጻፈ ሰው ዶሮዎቹ እየመገቡት ይሁን እሱ እየመገባቸው ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል። የጎመንና የቆስጣ ውጭ ቅጠል፥ የእንጀራ ፍርፋሪም ለተጨማሪ ይሰጣቸው፤ ለቅርፊቱም ጥንካሬ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመር። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፥ አረንጓዴ የሆነም የድንች ልጣጭ ግን ይጎዳቸዋልና ከወጥ ቤት ሲወጣ ይለይ።

አሁን ወደ አትክልቱ እንመለስ። በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለያንዳንዱ ተማሪ አንድ መደብ ይሰጠው ነበር። መደብ ማለት ከመሬቱ ከፍ ብሎ የተዘጋጀ የአትክልት ስፍራ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር እንዲሆን ያስተማሩን መምህር ምክንያቱን ሲነግሩን፥ ከሁለቱም ወገን እጅ እስከ መካከሉ እንዲደርስና አፈሩ በእግር እንዳይረገጥ ነው ብለውናል። ዛሬም ያንኑ እናደርጋለን።

በአንደኛው መደብ ጎመን፥ በሁለተኛው ቆስጣና ሰላጣ፥ በሦስተኛው ካሮትና ቀይ ሥር፥ በአራተኛው ሽንኩርትና ቃሪያ ተከልን። ጎመንና ሰላጣ በችግኝ መደብ በቅለው፥ አራት ወይም ዐምስት ቅጠል ሲያወጡ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ይዛወራሉ። ካሮት ግን መዛወርን አይወድም፤ ዘሩ በቦታው ተዘርቶ ሲበቅል ይሳሳል። ጎመንና ቆስጣ ከነሥራቸው አይነቀሉም፤ የውጭው ቅጠል ብቻ እየተቀነጠሰ ለብዙ ወራት ያበላሉ። ቲማቲምን በአዲስ አበባ ክረምት ለተከለ ሰው ዝናቡና ብርዱ ቅጠሉን በበሽታ ያጠቁሩበታል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ተክሎ በእንጨት ደግፎ ማሳደግ ይሻላል።

ዶሮና አትክልት እርስ በርስ ይረዳዳሉ። በጾም ቀን ጎመኑ፥ በፍስክ ቀን እንቁላሉ ወደ ማዕድ ይቀርባል። የዶሮ ኩስ ለአፈር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ትኵሱ ሥርን ያቃጥላል፥ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣም ለጤና ያሠጋል። ስለዚህ ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ተከምሮ፥ እየተገላበጠ፥ ቢያንስ ሦስት ወር ቆይቶ ሽታው ሲጠፋና አፈር ሲመስል በመደቡ ላይ ይጨመር። የእኛም ክምር ከአጥሩ ሥር ነበር። ያዘንበት ነገር የጀመረው ከዚሁ ክምር ነው።

በአጥር የሚዋሰኑን አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። ስምንት ዶሮዎች ነበሯቸው። ከእንቁላሉ ሽያጭ የልጅ ልጃቸውን ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዙ ነበር። ዶሮዎቻቸው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው የእኛን ክምር መጫር ልማዳቸው ነበር፤ እኛም አንከለክላቸውም።

በ2016 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል ከገበያ ሦስት ዶሮ ገዛን። አንዷ ለበዓሉ ወጥ ታረደች። ሁለቱ ግን መልካቸው ስላማረን ‹እነዚህስ ይጥላሉ› ብለን ከዐሥሩ ጋር ቀላቀልናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። (ዐማርኛ የምትማሩ አስተውሉ፤ እዚህ ላይ ‹ጣለች› ማለት እንቁላል ሳይሆን በእጇ የነበረውን አጣች ማለት ነው።)

በዐምስተኛው ቀን ከአዲሶቹ አንዲቱ ክንፏን ጥላ፥ ዐይኗን ጨፍና ቆመች፤ ኩሷም አረንጓዴ ሆነ። በማግስቱ እሷና ሌላ አንዲት ሞተው አገኘናቸው። ‹ብርድ ነው› አልን። ቤታቸውን ጠርገን፥ ጥራጊውን እንደ ልማዳችን በክምሩ ላይ ደፋነው። ያን ዕለት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል፥

‹ልጄ፥ ዶሮዎችህ ዛሬ ድምፅ የላቸውም፤ ደኅና ናቸው?› ብለው ጠየቁን።

‹ደኅና ናቸው፥ እማማ› አልን።

ለምን እንዲህ እንዳልን ብዙ ጊዜ አስበናል። ክፋት አልነበረም። የጋዜጣ ዐምድ የሚጽፍ፥ ለሰውም ስለ ዶሮ ምክር የሚሰጥ ሰው የገዛ ዶሮው ሞተበት መባልን አፍረን ነው። ነገ የሚሻላቸውም መስሎን ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ግን ከበታች ሠራተኛ የዘገየ ሪፖርት ሲመጣ ‹በወቅቱ ያልተገለጸበት ምክንያት ይብራራ› ብለን በቀይ ቀለም የምንጽፈው እኛው ነን።

በአራተኛው ቀን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠራን። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ፥ አንዳንዶቹም አንገታቸው ተጠማዝዞ ነበር። ባለሙያው አይቶ ‹ፈንግል ነው› አለ። ፈንግል ዶሮን በጅምላ የሚፈጅ በሽታ ነው፤ ከተያዘች በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም። በኩስ፥ በጫማ፥ በመኖ ዕቃ፥ በሞተችው ዶሮ ላባም ይተላለፋል። ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥሩ ሞቱ። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ዶሮዎች ታመሙ፤ ከስምንቱ ሰባቱ ሞቱ። ዶሮ ጭራ ጭራ ማረጃዋን አወጣች ይባላል፤ በዚያ ክምር ውስጥ ካራውን ያኖርነው ግን እኛ ነበርን።

ባለሙያው ‹አልተከተቡም ነበር?› ብሎ ቢጠይቀን፥ የተከተቡበትን ቀን ከደብተራችን አሳየነው። እንዴት እንደተከተቡ ጠየቀ። ክትባቱን ጠዋት ገዝተን፥ በቦርሳችን ይዘን ቢሮ ውለን፥ ማታ በቧንቧ ውኃ በጥብጠን እንዳጠጣናቸው ነገርነው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ክትባቱ ሕያው ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ካልተያዘ ይሞታል። የከተማ ቧንቧ ውኃም ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታልና ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ከበረዶ ጋር ተይዞ ይመጣል፤ ክሎሪን በሌለበት ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ዶሮዎቹ አስቀድመው አንድ ሁለት ሰዓት ከውኃ ተከልክለው ሲጠሙ ይቀርብላቸዋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። እኛ ያጠጣናቸው ባዶ ውኃ ሳይሆን አይቀርም። በደብተሩ ግን ‹ተከትበዋል› ተብሎ ተጽፏል። በሥራ ላይ ያልዋለ ነገር በወረቀት ላይ ተፈጸመ ሲባል ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምር አላገኘንም።

ያን ማታ ወደ ጎረቤታችን ሄደን ሁሉንም ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም፥

‹የዶሮዎቹስ ሞት ከእግዜር ነው፥ ልጄ። የጠየቅሁህ ዕለት ነግረኸኝ ቢሆን ግን እኔም በሬን እዘጋ ነበር› አሉን።

ከዚህ በላይ አልተቈጡም። ቢቈጡን ይቀለን ነበር።

የሞቱትን በጥልቅ ጕድጓድ ኖራ አድርገን ቀበርን። ክምሩን አፈር አልብሰን ማንም እንዳይደርስበት አጠርነው። ቤታቸውን አጥበን፥ ኖራ ቀብተን፥ ከሁለት ወር በላይ ባዶውን ተውነው፤ የተረፉትን ሁለቱንም ለብቻቸው አቆየናቸው። ከዚያ በኋላ ስምንት የተከተቡ ቄቦች ገዝተን ለጎረቤታችን ይዘን ሄድን። እሳቸውም አንድ በአንድ ቈጠሩና አንዷን መለሱልን። ‹የሞቱብኝ ሰባት ናቸው› አሉ። ብንለምናቸውም እንቢ አሉ። እኛም የመለሱትን ተቀብለን ተመለስን።

አሁን በሰፈራችን አንድ ሥርዐት አለ። በቢሾፍቱ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚያወጣው የፈንግል ክትባት በጠርሙስ የሚመጣው ከአንድ ቤት ዶሮዎች ለሚበልጥ ቍጥር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢገዛው የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ዶሮ ያለን ሰባት ቤተ ሰቦች ገንዘብ አዋጥተን፥ ባለሙያው በሚወስነው ቀጠሮ፥ በአንድ ጠዋት የሁሉንም ዶሮ እናስከትባለን። ወጪው ቀነሰ። ከዚያም የሚበልጠው፥ የአንዱ ቤት ዶሮ ሳይከተብ ቀርቶ የሌላውን እንዳያስጨርስ መጠበቁ ነው። አዲስ ዶሮ የገዛ ሰው ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ያቆያታል፤ መኖ የሚሰጣትም የራሱን ዶሮዎች ከመገበ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ከዶሮ ቤት የወጣ ሁሉ፥ ይልቁንም ሕፃናት፥ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የታመመች ዶሮ ያየ ሰውም በዚያው ቀን ለስድስቱ ጎረቤቶቹ ይናገራል፤ ሳያጣራ ተናገረ ተብሎ የሚወቀስ የለም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው በአጥሩ በኩል ‹ዛሬስ ደኅና ናቸው?› ብለው ጠየቁን። አንዲት ዶሮ ጥሬዋን ትታ ጥግ ይዛ ቆማ ነበርና፥

‹አንዷ አላማረችንም፥ እማማ፤ በርዎን ይዝጉ› አልናቸው።

ዘጉ። ባለሙያው መጥቶ ቢያያት የሆድ ትል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም ተሰጥቷት ዳነች። በሦስተኛው ቀን በራቸውን ከፍተው ዶሮዎቻቸውን አወጡ፤ በአጥሩም ላይ አንድ ሳህን ቆስጣ እንድናቀብላቸው ጠየቁን። ቀንጥሰን ሰጠናቸው።

በሚቀጥለው ጽሑፋችን ስለ ችግኝ መደብ አዘገጃጀትና በበጋ ውኃን በቍጠባ ስለ ማጠጣት እንጽፋለን። እስከዚያው አንባቢዎቻችን ቄብን ከጫጩት፥ ቆጥን ከመደብ ለይታችሁ አጥኑ፤ ‹ጣለች› የሚለውንም ቃል በሁለቱ ትርጕሞቹ በዐረፍተ ነገር አግቡት።